ብሉሬይን በኮምፒውተር ማጫወት

ብሉሬይ በከፍተኛ ጥራት የተቀረጸ ፊልም የሚይዝ ዲስክ ነው። ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2006 ሲሆን፣ ተፎካካሪው የቶሺባ ኤችዲ ዲቪዲ በ2008 እጅ ሰጥቷል። ባለ አንድ ንብርብር ብሉሬይ 25፣ ባለ ሁለቱ 50 ጊጋባይት ይይዛል፤ ባለ አንድ ንብርብር ዲቪዲ የሚይዘው 4.7 ብቻ ነው። ልዩነቱን ያመጣው ጨረሩ ነው። ዲቪዲ በ650 ናኖሜትር ቀይ ጨረር፣ ብሉሬይ ደግሞ በ405 ናኖሜትር ሐምራዊ ጨረር ይነበባል። ስለዚህ የዲቪዲ ድራይቭ ብቻ ያለው ላፕቶፕ የትኛውም ሶፍትዌር ቢጫንበት ብሉሬይ አያነብም።

በጉራጌ ዞን በምትገኘው ጉንችሬ፣ እንደ ብዙዎቹ የአገሪቱ ከተሞች፣ ፊልም ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወረው በፍላሽና በሚሞሪ ካርድ ነው። ብሉሬይ ቢመጣ እንኳ ለመስቀል ከውጭ በሚገባ ዘመድ ሻንጣ ነው። ችግሩም የሚጀምረው ያኔ ነው፦ በዩኤስቢ የሚሰካ የብሉሬይ ድራይቭ ቢገኝ እንኳ ፊልሙ አልከፈት ይላል።

ምክንያቱ ቁልፉ ነው። በፋብሪካ የታተሙት የፊልም ዲስኮች በአብዛኛው ኤኤሲኤስ በተባለ የምስጢር መቆለፊያ ይታተማሉ፤ ሶፍትዌሩ መፍቻውን የሚያገኘው ፈቃድ በመግዛት ነው። ማይክሮሶፍት የብሉሬይ ማጫወቻ ከዊንዶውስ ጋር አላቀረበም። አፕልም በማክ ላይ የብሉሬይ ድራይቭ ገጥሞ አያውቅም፤ ስቲቭ ጆብስ እ.ኤ.አ. በ2008 የፈቃዱን ውስብስብነት በአደባባይ አማርሯል።

ፈቃድ ገዝተው ከሚሠሩት ውስጥ የሳይበርሊንክ ፓወርዲቪዲ በሰፊው ይታወቃል። በክፍያ የሚገኝ ነው፤ አዲስ ፊልም ሲወጣም ቁልፉን ለማደስ ኢንተርኔት ይፈልጋል። ነጻው ቪኤልሲ፣ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1996 የፓሪስ ተማሪዎች ሥራ የሆነው፣ ከ2012ቱ 2.0 ዕትሙ ጀምሮ ያልተቆለፈ ብሉሬይ ያጫውታል፤ ለተቆለፈው ግን ቁልፍ ይዞ አይመጣም። ሜክኤምኬቪ የተባለው ሶፍትዌር ደግሞ መቆለፊያውን ፈትቶ የዲስኩን ፊልም ወደ ተራ ፋይል ይገለብጣል። ለፍላሽ ባህል የሚስማማው ይኸኛው ቢሆንም፣ መቆለፊያ መስበር እንደ አሜሪካ ባሉ አገሮች በሕግ የተከለከለ ነው።

ሌላም አጥር አለ። የብሉሬይ ገበያ ኤ፣ ቢ እና ሲ ተብሎ ተከፍሏል፤ አሜሪካ ኤ፣ አፍሪካና አውሮፓ ቢ ናቸው። የጄሲካ በሽር «ፋያ ዳዪ» ሐረር ላይ የተቀረጸ ፊልም ነው፤ ሆኖም ክራይቴሪዮን የተባለው የፊልም አሳታሚ በአሜሪካ ያወጣው ብሉሬይ የኤ ክልል በመሆኑ፣ ፊልሙ በተቀረጸበት አገር ለቢ በተዘጋጀ ማጫወቻ አይከፈትም። ደግነቱ በኮምፒውተር ላይ ክልሉን የሚጠይቀው ሶፍትዌሩ ነው፤ ፓወርዲቪዲ የተወሰነ ጊዜ ለመቀየር ይፈቅዳል።

ባለ 4ኬው አልትራ ኤችዲ ብሉሬይ ይባስ ብሎ ኤስጂኤክስ የተባለ የኢንቴል ቴክኖሎጂ ይጠይቃል። ኢንቴል ግን ይህን ከ11ኛው ትውልድ የኮር ፕሮሰሰሮቹ ጀምሮ አስቀርቶታል፤ ስለዚህ አዲሱ ኮምፒውተር አሮጌው የሚያጫውተውን ላያጫውት ይችላል። ገዢ ለሶፍትዌር ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት የድራይቩን ዓይነት፣ የዲስኩን ክልልና የፕሮሰሰሩን ትውልድ ይይ፤ የሙከራ ዕትም ካለም በገዛ ዲስኩ ይሞክረው።