በቅሎዋ የሄደችው በፍርድ ነው?

ጁላይ 11 ቀን 2013 አንዲት የሕክምና አውሮፕላን ከኦሃዮዋ ሲንሲናቲ ከተማ ተነስታ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ባልቲሞር አጠገብ አረፈች። (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑን ሁሉ የምቆጥረው በአውሮፓውያን ነው።) ውስጧ ጆን አርተር የተባለ ሰው አልጋ ላይ ተኝቷል። ኤ.ኤል.ኤስ. የሚባለው፣ ነርቭን ገድሎ ጡንቻን የሚያሰልል በሽታ ከአልጋ አውሎታል። አጠገቡ ሃያ ዓመት አብሮት የኖረው ጂም ኦበርገፈል ተቀምጧል። ሁለቱ ከአውሮፕላኗ አልወረዱም። እዚያው እንደቆመች የአርተር አክስት አጋባቻቸውና ወዲያው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። እስከ ሜሪላንድ የሄዱት ኦሃዮ ስለማታጋባቸው ነበር፤ ሲመለሱም ኦሃዮ ጋብቻቸውን አላወቀችላቸውም። አርተር በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ አረፈ። ሙግቱ የነበረው በአንድ ወረቀት ላይ ነው፤ በሞት ምስክር ወረቀቱ፣ የትዳር ጓደኛ በሚለው መስመር፣ የኦበርገፈል ስም ይጻፍ ወይስ ባዶውን ይቅር?

ያቺ መስመር ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰች። ጁን 26 ቀን 2015 ዘጠኙ ዳኞች አምስት ለአራት ተከፍለው የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ በሃምሳውም ግዛቶች ሕጋዊ እንዲሆን ወሰኑ። ደጅ ላይ ሰው ተቃቅፎ አለቀሰ። ሲመሽ ዋይት ሀውስ የቀስተ ደመና ቀለም ባላቸው መብራቶች ደመቀ። ችሎቱ ውስጥ ግን የፍርድ ቤቱ የበላይ ዳኛ ጆን ሮበርትስ በአስር ዓመት የሹመት ዘመናቸው አድርገውት የማያውቁትን አደረጉ፤ የልዩነት ሐሳባቸውን ከመንበራቸው ላይ ሆነው ጮክ ብለው አነበቡ። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ ደስ ያለው ደስ ይበለው፣ ሕገ መንግሥቱ ግን እዚህ ውስጥ የለበትም፤ ጉዳዩ ከሕዝብ እጅ ተነጥቋል፣ የተነጠቀ ሰው ደግሞ ለውጡን ለመቀበል ይከብደዋል።

ይህን ስሜት አገራችን ጠንቅቃ ታውቀዋለች። "በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ" ይላል ባላገር። በቅሎውን ያህል ሀብት ተረትቶ ያጣ ሰው ሸንጎው አዳምጦት ከሆነ እያዘነም ቢሆን ቤቱ ይገባል። አንዲት ጭብጦ ያለ ፍርድ የተወሰደችበት ግን ዕድሜ ልኩን ሲብሰለሰል ይኖራል። የአሜሪካ ተቃዋሚዎች ያሉት እንግዲህ በቅሎዋ ያለ ፍርድ ሄደች ነው፤ ዳኛ ቢፈርድም ሕዝብ ሸንጎ አልተቀመጠም ባይ ናቸው። ደጋፊዎቹ በበኩላቸው በቅሎዋ ድሮም የእናንተ አልነበረችም አሏቸው። ዳኛ አንቶኒ ኬኔዲ በጻፉት የአብላጫው ውሳኔ መሠረታዊ መብቱ የተነካ ሰው ምክር ቤት ሕግ እስኪያወጣለት እንዲጠብቅ አይገደድም። ከዚያ ቀን በፊት የነበሩትን አርባ ምናምን ዓመታት ወደ ኋላ ሄዶ ላየ፣ ሁለቱም ወገን ማስረጃ አያጣም።

መጀመሪያ ሰሚ አልነበረም። በ1970 ሚኒሶታ ውስጥ ሁለት ወንዶች የጋብቻ ፈቃድ ጠይቀው ተከለከሉ፤ ጉዳያቸው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ በ1972 በአንድ ዓረፍተ ነገር ተዘጋ። ሕዝቡም አልተቆጣም፣ አልተደሰተም፤ የሚያስቆጣ ነገር መኖሩንም ልብ ያለው ጥቂት ነው። ቁጣው የመጣው በ1993 የሃዋይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለው ክልከላ የፆታ አድልዎ ይመስላል፣ መንግሥት ከባድ ምክንያት ካለው ያስረዳ ብሎ መዝገቡን ወደ ሥር ፍርድ ቤት ሲመልሰው ነው። እስከዚያች ሰዓት አንድም ጥንድ አልተጋባም። ሆኖም አንዱ ግዛት ያጋባውን ሌላው እንዲቀበል ይገደዳል የሚለው ስጋት ዋሽንግተንን አራወጣት። በ1996 ኮንግረስ ጋብቻን የወንድና የሴት ብቻ የሚያደርግ የፌዴራል ሕግ በተወካዮች ምክር ቤት 342 ለ67፣ በሴኔት 85 ለ14 አጸደቀ፤ ፕሬዚዳንት ክሊንተንም ከእኩለ ሌሊት በኋላ ፈረሙበት። በዚያ ዓመት የሕዝብ አስተያየት የሚሰበስበው ጋሉፕ ሲጠይቅ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን የሚደግፈው 27 በመቶ ብቻ ነበር። ሃዋይ ራሷ በ1998 ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ ፍርድ ቤቷን ዝም አሰኘች።

ማሳቹሴትስ ቀጠለች። በኖቬምበር 2003 የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አራት ለሦስት በሆነ ድምፅ ጋብቻውን ፈቀደ። ውሳኔውን የጻፉት ማርጋሬት ማርሻል ተወልደው ያደጉት ደቡብ አፍሪካ ነው፤ በተማሪነታቸው አፓርታይድን የሚቃወም የተማሪዎች ማኅበር መርተዋል። ሕግ ሰውን ከሰው ሲለይ ምን እንደሚመስል ከመጽሐፍ አልተማሩትም። በሜይ 17 ቀን 2004 ካምብሪጅ ከተማ የማዘጋጃ ቤቷን በር በእኩለ ሌሊት ከፍታ ማጋባት ጀመረች። መልሱ ለመምጣት ስድስት ወር አልፈጀበትም። በኖቬምበር ምርጫ አሥራ አንድ ግዛቶች በአንድ ቀን ክልከላውን ሕገ መንግሥታቸው ውስጥ አስገቡ። ኦሃዮ ከእነሱ አንዷ ነበረች። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ አንድ በሽተኛ ለማግባት በአውሮፕላን እንዲጓዝ ያደረገው ያ የድምፅ መስጫ ቀን ነው።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ግን የአይዋ ታሪክ ነው። አይዋ የበቆሎና የአሳማ አገር፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው የሚበዛባት ግዛት ናት። በኤፕሪል 2009 ሰባቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች አንድም ልዩነት ሳይኖር ጋብቻውን ፈቀዱ። በአይዋ ሕግ ዳኛ በየጊዜው "በሥራው ይቀጥል ወይስ ይውረድ?" ተብሎ ለሕዝብ ይቀርባል። ይህ ሥርዓት በ1962 ከተጀመረ ወዲህ አንድም የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ወርዶ አያውቅም ነበር። በኖቬምበር 2010 ተራቸው የደረሰው የበላይ ዳኛዋ ማርሻ ተርነስ፣ ማይክል ስትሪትና ዴቪድ ቤከር ነበሩ። ከግዛቲቱ ውጭ በመጣ ገንዘብ የታገዘ ዘመቻ ተከፈተባቸው። እነሱ ግን ገንዘብ አላሰባሰቡም፣ የምርጫ ቅስቀሳም አላደረጉም፤ ዳኛ እንደ ፖለቲከኛ ድምፅ ከለመነ ዳኝነቱ ምኑ ላይ ነው በሚል። ሦስቱም ወረዱ። ውሳኔው ግን ቆመ፤ ጋብቻውም አልተቋረጠም። ውሳኔውን የጻፉት ማርክ ኬዲ በ2016 ተራቸው ሲደርስ ያው ሕዝብ አጸደቃቸው። በስድስት ዓመት ውስጥ የሕጉ ቃል አልተለወጠም። የአይዋ ሰው ግን በመካከሉ የጎረቤቱን ሠርግ አይቷል፣ የሥራ ባልደረባውን እንኳን ደስ ያለህ ብሏል።

ካሊፎርኒያ ላይ የሆነው ደግሞ ይበልጥ የሚያም ነው። በሜይ 2008 ፍርድ ቤቱ ፈቀደ፤ 18,000 ገደማ ጥንዶች ተጋቡ። ኦባማ በተመረጡበት በዚያው የኖቬምበር ቀን የግዛቲቱ ሕዝብ በ52 በመቶ ድምፅ ከለከለው። ያገቡት ትዳራቸው ጸና፣ ያላገቡት በሩ ተዘጋባቸው። ደጋፊዎቹ ከዚያ ሽንፈት አንድ ነገር ተማሩ። ቅስቀሳቸው እስከዚያ ስለ መብትና ስለ ጥቅማ ጥቅም ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ግን ቤት እያንኳኩ ስለ ራሳቸው ልጅ፣ ስለ አያታቸው፣ አብሮ ስለ ማርጀት ማውራት ጀመሩ። በ2011 ጋሉፕ ለመጀመሪያ ጊዜ ከግማሽ በላይ፣ 53 በመቶ ድጋፍ መዘገበ።

እዚህ ላይ ሜሪላንድ ትመለሳለች። በ2012 የግዛቲቱ ምክር ቤት ጋብቻውን ፈቀደ፤ ተቃዋሚዎች ፊርማ አሰባስበው ለሕዝበ ውሳኔ አቀረቡት። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር፣ ዜግነት ያለው ኢትዮጵያዊ ሁሉ በኖቬምበር 6 በወረቀቱ ላይ ይህንኑ ጥያቄ አግኝቷል። ብዙዎቻችን ጋብቻን የምናውቀው በምስጢረ ተክሊል ወይም በኒካሕ ነው፤ መንግሥት የሚሰጠው ወረቀት ከዚያ ጋር አንድ ነው ወይስ ሌላ የሚለው ጥያቄ ለእኛ ቀላል አልነበረም። ሕጉ በ52 በመቶ አለፈ። በዚያው ቀን ሜይንና ዋሽንግተን ግዛትም እንዲሁ ወሰኑ። የአርተር አውሮፕላን ከስምንት ወር በኋላ ያረፈችው እንግዲህ ዳኛ በከፈተው አገር አይደለም፣ መራጭ በከፈተው ነው።

ደቡብ አፍሪካ ይህንኑ ጭንቀት በሌላ መንገድ ፈታችው። በዲሴምበር 2005 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቷ ክልከላው ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ቢወስንም ወዲያው አላጋባም፤ ፓርላማው ሕጉን እንዲያስተካክል አንድ ዓመት ሰጠው። የጻፉት ዳኛ አልቢ ሳክስ፣ በ1988 ማፑቶ ላይ በቦምብ ቀኝ እጃቸውን ያጡት ታጋይ፣ ለውጡ በሕዝብ ተወካዮች እጅ ቢያልፍ ይጸናል ብለው ያምኑ ነበር። ፓርላማው ቀነ ገደቡ ሊያልቅ ሲል 230 ለ41 አጸደቀው። የአሜሪካው ፍርድ ቤትም ይህን ቢያደርግ ኖሮ እያልኩ አስባለሁ። ነገር ግን አርተርን ያየ ሰው አንድ ዓመት ጠብቅ ለማለት አፉ አይፈታም፤ ካገባ በኋላ የኖረው ሦስት ወር ከጥቂት ቀን ነው። የሕዝብ ሸንጎ ተነጋግሮ እስኪስማማ በሽተኛ አይጠብቅም፤ ለዚህ ነው በመጨረሻ ልቤ ወደ አምስቱ ዳኞች የሚያደላው።

ከውሳኔው በኋላ የተፈራው ግርግር አልመጣም ማለት ይቻላል። በኬንታኪ ሮዋን ካውንቲ ጸሐፊዋ ኪም ዴቪስ ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም ብለው ፈቃድ መስጠት አቆሙ፤ በሴፕቴምበር 2015 ፍርድ ቤት በመድፈር አምስት ቀን ታሰሩ። እሳቸው እስር ቤት ሳሉ ረዳቶቻቸው ፈቃድ ሰጡ። ግዛቲቱ በቀጣዩ ዓመት የጸሐፊውን ስም ከቅጹ ላይ አወጣችው። ጥንዶቹ ፈቃዳቸውን ያገኛሉ፣ ጸሐፊዋም ስማቸው አይነካካም። ከብዙ ጩኸት በኋላ የተገኘ ብልህ መፍትሔ ነው።

የ2015ቱ ውሳኔ ማዕበል ወደ እኛ አህጉር የደረሰው በአንድ ወር ነው። ኦባማ በጁላይ ናይሮቢ ላይ ይህን ጉዳይ ሲያነሱ ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ ለኬንያውያን አንገብጋቢ አይደለም ብለው በአደባባይ መለሱላቸው። በማግስቱ ኦባማ አዲስ አበባ ገቡ። በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት ራሱ ያስቀጣል፤ ስለዚህ ክርክሩ ከጋብቻ ወረቀት ገና ብዙ ርቀት ላይ ነው።

ቅር ያለው ሕዝብ በስንት ጊዜ እንደሚረጋጋ የሚያሳይ የቆየ ምሳሌ አሜሪካ አላት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1967 የነጭና የጥቁር ጋብቻ ክልከላን ሲሽር፣ በማግስቱ ዓመት ያንን ጋብቻ የሚደግፈው 20 በመቶ ነበር። አላባማ የሞተውን አንቀጽ ከሕገ መንግሥቷ የሰረዘችው በ2000 ሲሆን ያኔም ከመራጮቿ 40 በመቶው አይሰረዝ ብለዋል። የኦበርገፈል ውሳኔ በዚህ ሲለካ የፈጠነ ነው፤ ድጋፉ በ2023 71 በመቶ ደረሰ። ግን ቀጥ ያለ መንገድ አይደለም። በ2022 ዳኛ ክላረንስ ቶማስ ውሳኔው እንደገና ይታይ ብለው ጻፉ፤ ኮንግረስም ደንግጦ በዚያው ዲሴምበር ጋብቻዎቹን የሚጠብቅ ሕግ አወጣ። ከሪፐብሊካኖች መካከል በ2021 55 በመቶ የነበረው ድጋፍ በ2025 ወደ 41 ወርዷል።

በኖቬምበር 2024 ካሊፎርኒያ የ2008ቱን አንቀጽ ከ62 በመቶ በላይ በሆነ ድምፅ ሰረዘች፤ ሃዋይም የ1998ቱን። ኦሃዮ ገና አልሰረዘችም። መራጮቿ በ2004 ያስገቡት ቃል፣ ጋብቻ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ብቻ ነው የሚለው፣ ሥራ ፈትቶ ሕገ መንግሥቷ ውስጥ ተቀምጧል። በዚያችው ግዛት መዝገብ ቤት ደግሞ የጆን አርተር የሞት ምስክር ወረቀት አለ፤ የትዳር ጓደኛ በሚለው መስመር ላይ የጂም ኦበርገፈል ስም ተጽፎበታል።