የደረስጌ ዘውድና የቴዎድሮስ ትንቢት

ከመካነ ብርሃን ብዙም የማይርቀውን የደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት የስሜንና የትግሬ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ናቸው። በግንባታው ጀርመናውያን ሳይቀሩ አግዘዋል፤ ውቤ ዘውድ ሊደፉበት አስበው ነበርና። ዘውዱ ግን ለሌላ ሆነ። በየካቲት 1847 ዓ.ም ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ እዚያው ደረስጌ ላይ ውቤን ድል ነሥተው ማረኳቸው፤ በቀናት ውስጥም ጳጳሱ አቡነ ሰላማ ካሣን በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ቀብተው አነገሡ።

አዲሱ ንጉሥ የመረጡት ስም «ቴዎድሮስ» የመጣው ከፍካሬ ኢየሱስ ነው። ይህ ድርሳን ከክፉ ዘመን በኋላ በዚህ ስም የሚጠራ ጻድቅ ንጉሥ ተነሥቶ በሰላም እንደሚገዛ ይተነብያል። ድርሳኑን ሕዝቡ በእጅጉ ቢወደውም ከ81ዱ ቅዱሳት መጻሕፍት አይቆጠርም። የትንቢት ሚዛን ያለው ግን ከእነዚያ ውስጥ ነው፤ ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 18 በእግዚአብሔር ስም ተነግሮ ያልተፈጸመን ቃል የድፍረት ቃል ይለዋል፣ በሐሰተኛው ነቢይም ላይ ሞት ይፈርዳል።

ቴዎድሮስን ሐሰተኛ ነቢይ ማለት ግፍ ነው፤ ትንቢቱን ተጠቀሙበት እንጂ አልተናገሩትም። የተጠበቀው ሰላም ግን አልመጣም። 13ቱ የንግሥና ዓመታት በዐመፅ፣ በዘመቻና በቤተ ክርስቲያን መሬት ጠብ አለቁ። ንጉሡ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም እንግሊዞች ምሽጋቸውን መቅደላን ሲይዙ ራሳቸውን ገደሉ፤ ቀብተው ያነገሧቸው አቡነ ሰላማ ደግሞ ከጥቂት ወራት በፊት እዚያው መቅደላ በእስር ላይ ሳሉ ዐርፈው ነበር።