ከቆቦ ሜዳ እስከ ፓዌ፦ ሰፈራ፣ ሃይማኖትና የጋራ ኑሮ

ዞብልን በምሥራቅ አስቀምጦ የተዘረጋው የቆቦ ሜዳ ዝናብ ካልነሳው ለጋስ መሬት ነው። ገበሬው ከምዕራብ ተራሮች የሚወርደውን ጎርፍ ወደ ማሳው እየጠለፈ ማሽላና ጤፍ ያመርትበታል። ዝናብ ሲቀር ግን ጎርፉም ይቀራል። በ1976 እና በ1977 ዓ.ም የሆነው ይህ ነው። መላው ወሎ ተራበ፤ የራያና ቆቦ አውራጃ ገበሬም ከብቱን ሸጦ፣ ዘሩን በልቶ፣ በመጨረሻ ቤቱን ዘግቶ እርዳታ ወደሚታደልበት ጣቢያ ተሰደደ።

ደርግ ለዚህ የሰጠው መልስ ሰፈራ ነበር። ከ1977 ዓ.ም ኅዳር ጀምሮ እስከ 1978 ዓ.ም ጥር ድረስ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ከሰሜንና ከመሐል አገር ተነሥቶ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ጋምቤላ፣ ከፋና መተከል ተጓጓዘ። ከዚህ ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠው የወሎ ሰው ነው። ረሃቡ አስገድዶት ወዶ የተመዘገበ ብዙ ነበር። ኮታ መሙላት ያለበት ካድሬ ከገበያና ከእርዳታ ሰልፍ አፍሶ የጫነውም ብዙ ነው። ባል ሚስቱን፣ እናት ልጇን ሳትሰናበት በጭነት መኪና፣ በአውቶቡስና በአንቶኖቭ አውሮፕላን ተወሰዱ። ቆላማው አገር ሲደርሱ ወባ ጠበቃቸው፤ በመንገድና በመጀመሪያዎቹ ወራት ያለቀው ሕዝብ በአሥር ሺዎች ይገመታል።

በዓለም ታሪክ ስለ ሰፈራ ሲነሣ ቀድመው የሚጠቀሱት የእንግሊዝ ፒዩሪታኖች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1620 ሜይፍላወር በተባለችው መርከብ 102 መንገደኞች ወደ ሰሜን አሜሪካ ተሻገሩ። ዋነኞቹ ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ፈጽመው የተለዩ ምእመናን ነበሩ። ፕሊመዝ ላይ ባሳለፉት የመጀመሪያ ክረምት ግማሽ ያህሉ በብርድና በበሽታ አለቁ። ከ1630 ጀምሮ ደግሞ በጆን ዊንትሮፕ የተመሩት ፒዩሪታኖች በማሳቹሴትስ ሰፈሩ፤ በአሥር ዓመት ውስጥም ወደ 20 ሺህ ሰው ተከተላቸው። እነዚህ ሰዎች ውቅያኖስ የተሻገሩት እንደ እምነታቸው ለመኖር ብለው ነው። የወሎ ሰፋሪ ግን እምነቱን የከለከለው ጎረቤት አልነበረውም፤ ያሰደደው ረሃብና ትእዛዝ ነው። ይህ ትልቅ ልዩነት ቢሆንም፣ ሁለቱ ታሪኮች አጠገብ ለአጠገብ ሲቀመጡ ስለ ሰፈራ አንድ ቁም ነገር ያስተምራሉ፤ መንደር በትእዛዝ አይቆምም።

በመጀመሪያ እርሻውን እንይ። የፕሊመዝ ሰፋሪዎች ወጪያቸውን ከሸፈኑላቸው ነጋዴዎች ጋር በገቡት ውል መሠረት እርሻቸውም ጎተራቸውም የጋራ ነበር። ምርቱ አልበረክት ሲል ገዥው ዊልያም ብራድፎርድ በ1623 ለየቤተሰቡ መሬት አከፋፈለ። ሰዉም ይበልጥ ተጋ፤ ሴቶችም ልጆቻቸውን ይዘው እርሻ ወጡ። ከሦስት መቶ ስድሳ ዓመት በኋላ የወሎ ገበሬ ያንኑ ሕይወት ቀመሰ። ሰፋሪው በአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ታቅፎ በነጥብ ይሠራል፤ ምርቱ ተሰብስቦ ተቀናንሶ ሲያበቃ እንደ ነጥቡ ይሰፈርለታል። የራሱ የሚለው ጠባብ ጓሮ ብቻ ነው። በሬ ጠምዶ እንዳያርስ ገንዲ የተባለው በሽታ ከብቱን ይፈጅበታል፤ የመንግሥት ትራክተር ደግሞ ነዳጅ ወይም መለዋወጫ ሲያጣ ይቆማል። በአባቱ መሬት ላይ መቼ እንደሚዘራ ራሱ ይወስን የነበረ ሰው የፈረቃ ሠራተኛ ሆነ። የካቲት 1982 ዓ.ም ደርግ የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲያውጅ ገበሬው የጋራ እርሻውን ተከፋፈለ። ብዙ ሰፋሪም ዕድሉን እንዳገኘ ወደ ወሎ ተመለሰ።

የቀሩትን ያኖራቸው ሌላ ነገር ነው። መንደሮቹ የተሠሩት በቢሮ ዕቅድ ሲሆን፣ በጣሊያን መንግሥት ገንዘብ በጣና በለስ ፕሮጀክት በተደራጀችው የመተከሏ ፓዌ መንደሮች የሚጠሩት በቁጥር ነበር። ሰፋሪው ግን በቁጥር የተሰጠውን ሰፈር በራሱ ጉልበት የሰው መኖሪያ አደረገው። ክርስቲያኑ ቤተ ክርስቲያን፣ ሙስሊሙ መስጊድ ሠራ። ሰንበቴው፣ ማኅበሩና ዝክሩ፣ ወዳጃውና ዱአው ተመለሱ። ከአንድ ቀበሌ ያልመጡ ሰዎች በአቦል፣ በቶናና በበረካ ጎረቤት ሆኑ።

ከሁሉ በላይ ግን ቅሬ አለ። በወሎ ደንብ ሰው ሲሞት የቅሬው አባላት ጉድጓድ ይቆፍራሉ፤ አስከሬን ይሸከማሉ፤ እህል አዋጥተው ሐዘንተኛውን ያበላሉ። በሽተኛ ሲኖርም ቃሬዛ አንሥተው ሐኪም ቤት የሚያደርሱት እነሱ ናቸው። ብዙ ቦታ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ ይታቀፋሉ፤ ከብቱ ለየብቻ ይታረዳል፣ ድንኳኑ ግን አንድ ነው። ዘመድ በሌለበት አገር፣ ወባ በየቀኑ ሰው በሚወስድበት ወቅት፣ ያለ ቅሬ መቀበር እንኳ አይቻልም ነበር።

የወሎ ሰፋሪ ከፒዩሪታኖቹ የበለጠው እዚህ ላይ ነው። ፒዩሪታኖቹ ለራሳቸው የፈለጉትን የእምነት ነፃነት ለሌላው ነፈጉ። በማሳቹሴትስ ከ1631 ጀምሮ ድምፅ መስጠት የሚችለው የቤተ ክርስቲያን አባል የሆነ ወንድ ብቻ ነበር። የገናን በዓል ያከበረ በ1659 በወጣ ሕግ ይቀጣ ነበር። ከዚያው ዓመት እስከ 1661 ኩዌከር የተባለው የክርስትና ወገን አራት አማኞች ቦስተን ላይ ተሰቅለዋል። ከወሎ የሄደው ድሃ ገበሬ ግን ምንም ባልነበረው ጊዜ እንኳ የሌላው እምነት ጎረቤቱን በቅሬው አቅፏል። ይህ ልንኮራበት የሚገባ የሥልጣኔ ሀብት ነው።

ነገር ግን ሁለቱም ሰፈራዎች የተካሄዱት ባለቤት ባለው አገር ላይ ነው። ፕሊመዝ የዋምፓኖአግ ሕዝብ አገር ነበረች። ሮጀር ዊልያምስ የተባለው ሰባኪ የእንግሊዝ ንጉሥ የሰው መሬት የመስጠት መብት የለውም ብሎ ሲከራከር፣ በ1635 ማሳቹሴትስ ከግዛቷ እንዲባረር ፈረደችበት። አርባ ዓመት ሳይሞላ የተነሣው ጦርነት ከዋምፓኖአጎች ብዙዎቹን ፈጀ፤ ብዙ የእንግሊዝ መንደሮችንም አቃጠለ። በመተከልም ደርግ መሬቱን ባዶ ብሎ ሰፋሪ ሲያፈስበት፣ ጉሙዞች መሬት እያሳረፉ የሚያርሱበት፣ የሚያድኑበትና ማር የሚቆርጡበት አገር መሆኑን አልቆጠረም። ጫካው በዶዘር ተጠረገ፤ በሰፋሪውና በባለአገሩ መካከል ደም ፈሰሰ። በ2013 ዓ.ም በመተከል በመቶዎች የሚቆጠሩ ንጹሐን ተገድለዋል። የዚያ እልቂት መንስኤ ብዙ ነው፤ ያልተፈታው የመሬት ጥያቄ ግን አንዱ ነው። ደግሞም የሰፈራውን ዕቅድ ያወጣው ሹም ሳይጠየቅ፣ ዋጋውን የከፈሉት ተገዶ የመጣው ገበሬና መሬቱን ያጣው ጉሙዝ ናቸው።

በ1995 ዓ.ም መንግሥት እንደገና 2.2 ሚሊዮን ሕዝብ ለማስፈር ሲያቅድ ከቀድሞው የተማረው ነገር ነበር። ሰፈራው በክልል ውስጥና በፈቃደኝነት ብቻ እንዲሆን፣ ሰፋሪውም የቀድሞ መሬቱን ለሦስት ዓመት ሳይነጠቅ እንዲቆይ ወሰነ። ይህ መልካም እርምጃ ነው፤ ይሁን እንጂ አይበቃም። ዝናብ ዛሬም ቆቦን ሊከዳት ይችላል፤ ያን ጊዜ ሰው ማንሣት የሚያስብ ባለሥልጣን አስቀድሞ ሦስት ነገር ይጠይቅ። የሚሄደው ወዶ ነው? ቤተ እምነቱንና ቅሬውን ይዞ ነው? የሚሄድበት አገር ባለቤትስ ተጠይቆ እሺ ብሏል? ለአንዱ እንኳ መልሱ አይደለም ከሆነ መኪናው አይነሣ፤ እህሉ ወደ ቆቦ ይምጣ።