መካ የተወለዱባት፣ መዲና የኖሩባት



በዓረፋ ሰሞን ብዙዎቻችን ከከተማ ወደ አያቶቻችን ቀዬ፣ ወደ ወሎ፣ ወደ ስልጤ፣ ወደ ጅማ እንገባለን። እዚያ «የከተማ ልጆች መጡ» እንባላለን። ከተማ ስንመለስ ደግሞ «አገራችሁ የት ነው?» እንባላለን። ታዲያ የየት ነን?

ጥያቄው በእኛ አልተጀመረም። በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 630) በረመዷን መካ ስትከፈት፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ተገፍተው ወደወጡባት የትውልድ ከተማቸው ገቡ። ኡሳማ ኢብኑ ዘይድ (ረ.ዐ) በቤትዎ ያርፋሉ ወይ ብሎ ቢጠይቃቸው፣ ዐቂል መቼ ቤት አስቀረልን የሚል መልስ ሰጡት። የአቡ ጧሊብ ልጅ ዐቂል የቤተሰቡን ቤቶች ሸጧቸው ነበር። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት ደግሞ በመካ በቆዩባቸው 19 ቀናት ሶላታቸውን አሳጥረው ሰገዱ። በተወለዱባት ከተማ እንደ መንገደኛ!

የመዲና አንሷሮች ሰጉ። የአገሩና የዘመዶቹ ፍቅር ይዞ ያስቀራቸዋል ብለው እርስ በርስ ተነጋገሩ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ጠርተው ኑሯቸውም ሞታቸውም ከእነርሱ ጋር እንደሆነ ሲነግሯቸው አንሷሮች አለቀሱ። ቃላቸውንም ጠበቁ፤ ቀብራቸው መዲና ነው።

መካን ግን ከልባቸው አላወጧትም። ሲሰደዱ፣ ሰዎቿ ባያስወጧቸው ኖሮ እንደማይለዩዋት ተናግረው ነበር። ሐበሻዊው ቢላልም (ረ.ዐ) መዲና ላይ በትኩሳት ሲሰቃይ የናፈቀው የመካን ሸለቆዎች ነው፤ በትኩስ አሸዋ ላይ ያሰቃዩባትን ያቺኑ ከተማ! ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ናፍቆቱን አልነቀፉም። መዲናን እንደ መካ ወይም ከዚያ በላይ እንዲያስወድዳቸው አላህን ለመኑ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንይዛለን። ዘርማዘራችን ያለበትን ቀዬ መውደድና መዘየር፣ ዝምድናን መቀጠል ዲናችን ነው። እዚያ እንግዳ መሆናችን ሊያሳፍረን አይገባም። ሁለተኛ፣ አብረውን የሚሰግዱ፣ ቀብራችን ላይ የሚቆሙ ጎረቤቶቻችን በእኛ ላይ ሐቅ አላቸው። «አገርህ የት ነው?» እያልን አንዳችን ሌላውን ከሰፈሩ ለማስወጣት የምንሞክር ከሆነ፣ ቤት ንብረቱን ትቶ የመጣውን ሙሃጂር ተቀብለው ቤታቸውንና እርሻቸውን ካካፈሉት አንሷሮች ምን ተማርን?

ዘንድሮ ለዓረፋ የምትሄዱ ወንድምና እህቶች፣ አያቶቻችሁን ስለ ቀዬው ታሪክ ጠይቁ፤ ስትመለሱም ጎረቤታችሁን ዘይሩ። አላህ ያለንበትን ቦታ ያስወድደን፤ ሥራችንንም ይቀበለን። አሚን!