በአውደ ሩጫው መካከል የሚያድረው ሕዝብ

በአሜሪካ ደቡብ፣ በሳውዝ ካሮላይና ግዛት፣ ዳርሊንግተን ከምትባለው አነስተኛ ከተማ ወጣ ብሎ ጥጥና ኦቾሎኒ ይመረትበት በነበረ ማሳ ላይ፣ ሃሮልድ ብራሲንግተን የተባሉ የዚያው አገር ሰው በ1949 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ዐፈሩን ማስቆፈር በጀመሩ ጊዜ፣ ጎረቤቶቻቸው ሥራውን የከንቱ ከንቱ አድርገው ቈጠሩት። እርሳቸው ግን በኢንዲያናፖሊስ የሚደረገውን የ500 ማይል የመኪና እሽቅድምድም በዐይናቸው አይተው፣ ለደቡብም እንዲህ ያለ መሮጫ ይገባዋል የሚል ሐሳብ በልቡናቸው ተፀንሶ ስለ ነበር፣ የሰውን ነቀፌታ ከቁም ነገር ሳያገቡ በሥራቸው ጸኑ። የመሬቱ ባለቤት የነበሩት ሰው ትናንሽ ዓሣ የሚራባባት ኩሬያቸው እንዳትነካባቸው አጥብቀው ስላሳሰቡ፣ መሮጫው በአንደኛው ወገን ጠበብ በሌላው ወገን ሰፋ ብሎ የእንቁላል ቅርጽ ያዘ፤ እስከ ዛሬም ድረስ ቅርጹ ያው ነው።

ሰኞ ሴፕቴምበር 4 ቀን 1950፣ በአገሩ የሠራተኞች በዓል በሚከበርበት ዕለት፣ ሳውዘርን 500 የተባለው እሽቅድምድም ለመጀመሪያ ጊዜ ሊደረግ በተቀጠረ ጊዜ፣ የተሰናዳው መቀመጫ ለ9,000 ሰው ያህል ሲሆን የመጣው ሕዝብ ግን ከ20,000 በላይ ሆነ። ዋዜማውን በየመኪናው ውስጥ ያደረው ብዙ ነበር፤ መቀመጫ ያጣውም መኪናውን እየነዳ አስፋልቱ ወደ ከበበው መሐል ሜዳ እየገባ እንደ ተመቸው ሰፈረ። 75 መኪናዎች ሦስት ሦስት ሆነው በ25 ረድፍ ተሰልፈው ተነሡ። እነዚህም መኪናዎች ማንም ሰው ገዝቶ ቤተሰቡን የሚያመላልስባቸው ተራ የቤት መኪናዎች ስለ ነበሩ፣ ጎማዎቻቸው ለዕለት መንገድ እንጂ 800 ኪሎ ሜትር ለሚፈጅ ሩጫ የተሠሩ አልነበሩምና፣ ጥቂት እንደ ዞሩ እየተላጡና እየፈነዱ ያልቁ ጀመር። መካኒኮቹም የያዙት ትርፍ ጎማ ባለቀባቸው ጊዜ ክሪካቸውን ተሸክመው መሐል ሜዳ ወደ ሰፈረው ሕዝብ እየሄዱ፣ ከተመልካቹ መኪና ላይ ጎማ እየፈቱ መውሰዳቸው ዛሬም ይተረካል። ጆኒ ማንትዝ የተባሉት ነጂ ግን የጭነት መኪና ጠንካራ ጎማ በተገጠመላት ትንሽ ፕሊመዝ ከ43ኛ ቦታ ተነሥተው፣ ሌሎቹ ጎማ ሊለውጡ በቆሙ ቍጥር እርሳቸው ሳይቸኩሉ እየዞሩ፣ ከስድስት ሰዓት ተኩል በላይ በፈጀው ትግል ተከታያቸውን በዘጠኝ ዙር ቀድመው አሸነፉ።

የእሽቅድምድም ታሪክ ጸሓፍት ከዚያ ዕለት አብዝተው የሚያወሱት የማንትዝን ስም ነው። እኔ ግን ሊመለከት መጥቶ የገዛ መኪናውን ጎማ አስፈትቶ የሰጠውን ያን ስሙ ያልተጻፈ ሰው የዚህ ታሪክ ባለቤት ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም ይህ ስፖርት በመኳንንት አደባባይ ሳይሆን በገጠር ሰው እጅ የተወለደ፣ በሜዳ ላይ በሚያድር ሕዝብ ትከሻም የቆመ ስለ ሆነ ነው። ቢል ፍራንስ የተባሉት መካኒክና የውድድር አዘጋጅ በዲሴምበር 1947 በፍሎሪዳ ዴይቶና ቢች ስትሪምላይን በተባለው ሆቴል ነጂዎችንና ባለመሮጫዎችን ሰብስበው ናስካር የተባለውን የመኪና እሽቅድምድም ማኅበር ሲመሠርቱ፣ ከነጂዎቹ አንዳንዶቹ ግብር ሳይከፈልበት በስውር የሚወጣ አረቄ በሌሊት እያጓጓዙ፣ ከፖሊስ እያመለጡ መንዳትን የተማሩ ነበሩ። በጁን 1949 ሻርለት በተባለች ከተማ በተደረገው የማኅበሩ የመጀመሪያ የተራ መኪናዎች ውድድር ላይ ቀድሞ የገባው ነጂ ድሉ የተሰረዘበት፣ አረቄ አመላላሾች ሸክም እንዲችልላቸው እንደሚያደርጉት የኋላ ባሌስትራው ተጠናክሮ በመገኘቱ ነው።

የግሸን ማርያምን ንግሥ ለማክበር ስንቁን ቋጥሮ ቀደም ብሎ ወጥቶ፣ በአምባው ላይ ድንኳን ተክሎ የሚያድረውን ምእመን ያየ ሰው፣ በአላባማ ታላዴጋ በእሽቅድምድሙ ሰሞን የሚሰፍረውን ሕዝብ አኳኋን ለመረዳት አይቸገርም፤ ይህን ስል ቅዱሱን ከዓለማዊው ጋር ማስተካከሌ ሳይሆን የሰውን የልብ ናፍቆት ማመልከቴ ነው። በ1969 ቢል ፍራንስ በአሮጌ የጦር አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ያሠሩት ይህ መሮጫ አንዱ ዙር 4.28 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ መታጠፊያው 33 ዲግሪ ያህል ስላዘነበለ በእግር ሊወጣው የሞከረ ሰው በእጁም መቧጠጥ ይኖርበታል። ሰፋሪው ከሐሙስ ወይም ከዓርብ ጀምሮ ይገባል፤ አንዱ ድንኳን፣ ሌላው ተጎታች ቤት፣ ሌላውም ጣራው ላይ የእንጨት ሰገነት የተሠራበት አሮጌ የተማሪ ቤት አውቶቡስ ይዞ ይመጣል፤ በሠርክ ጊዜ የሥጋው ጥብስ ጢስ ከድንኳን ወደ ድንኳን ይዘዋወራል፤ ዓምና አጠገቡ የሰፈረውን ሰው ዘንድሮ ያጣ እንደ ሆነ ደኅንነቱን ይጠይቃል። እሑድ ሞተር ከመነሣቱ አስቀድሞ በድምፅ ማጉያ ጸሎት ይደረሳል፤ ሕዝቡም ባርኔጣውን አውልቆ ይቆማል።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ያላየ በወሬ ብቻ አይረዳውም። አርባ ያህል መኪናዎች አንዱ ያንዱን ነፋስ እየተጋራ፣ በመካከላቸው ክንድ የማያህል ክፍተት ብቻ ትተው፣ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በሚያልፍ ፍጥነት በተጠጉ ጊዜ፣ ድምፃቸው ከጆሮ ይልቅ በደረት ውስጥ ይሰማል፤ ከአጥሩ አጠገብ የቆመውንም ሰው ከጎማ የተፋቀ ጥቁር ፍርፋሪ ፊቱን ይመታዋል። መሐል ሜዳ ያለው ሰፋሪ ከመሮጫው የሚያየው ጥቂቱን ክፍል ነው። ስለዚህ ጆሮውን በማዳመጫ ደፍኖ፣ ነጂው ከመካኒኮቹ አለቃ ጋር በሬዲዮ የሚነጋገረውን በቀጥታ ይሰማል፤ ከተመልካቹ መቀመጫ ጣራ ላይ ቆሞ የሚመለከተው ጠቋሚ «ከውስጥ በኩል አለብህ፤ አሁንም አለ፤ አለፍኸው» እያለ ነጂውን ሲመራ፣ ሰፋሪው ያላየውን መታጠፊያ በዚያ ሰው ዐይን ያያል። እኔ በስፖርት ሁሉ ውስጥ ተመልካችንና ተወዳዳሪን እንዲህ የሚያቀራርብ ሌላ ሥርዐት አላውቅም።

የመጀመሪያው የታላዴጋ ውድድር በመከራ ነበር የተጀመረው። ጎማዎቹ ፍጥነቱን አልችል ስላሉ፣ በሪቻርድ ፔቲ የሚመሩት ስመ ጥር ነጂዎች ለሕይወታቸው በመሥጋት መኪናቸውን ጭነው ሄዱ፤ ቢል ፍራንስም ያገኙትን ነጂ አሰልፈው ውድድሩን አስኬዱ፣ ሪቻርድ ብሪክሃውስም አሸነፉ። ፍራንስ ለመጣው ሕዝብ በዚያው ቲኬት ሌላ ውድድር በነጻ እንዲገባ መፍቀዳቸው፣ ዕዳቸው ለማን እንደ ሆነ ማወቃቸውን ያሳያል።

ነገር ግን ያ ሜዳ ለሁሉ እኩል የተከፈተ አልነበረም፤ ይህን ሳይናገር የሚያልፍ ጸሓፊ ታሪኩን ያጎድለዋል። በቨርጂኒያ ዳንቪል የተወለዱት ዌንዴል ስኮት፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በውትድርና መካኒክነት ያገለገሉ ጥቁር አሜሪካዊ፣ ልጆቻቸውን መካኒክ አድርገው በአሮጌ መኪና ከመሮጫ ወደ መሮጫ ሲዞሩ፣ ጥቁርን የሚያሳድር ሆቴል ስለማያገኙ ሌሊቱን በመኪናቸው ውስጥ ያሳልፉ ነበር፤ ለሌላው የበዓል ደስታ የነበረው የሜዳ ላይ አዳር ለእርሳቸው ግድ ነበር። ዲሴምበር 1 ቀን 1963 በፍሎሪዳ ጃክሰንቪል ሁለት ዙር ቀድመው አሸንፈው ሳለ፣ የድሉ ክብር ቡክ ቤከር ለተባሉ ሌላ ነጂ ተሰጠ፤ ሹማምንቱ እውነተኛው አሸናፊ ስኮት መሆናቸውን ያስታወቁት ሕዝቡ ከተበተነ በኋላ ነው። ከዚያ ሕዝብ መካከል አንድ ጥቁር ሰው በድል ቆሞ ያየ አልነበረም። ስኮት በ1990 ዐረፉ፤ ዋንጫው ለቤተሰባቸው የተሰጠው በ2021 ነው።

ለብዙ ዐሥርት ዓመታትም ባርነትን ለማጽናት የተዋጋው የደቡብ ሠራዊት ሰንደቅ በነዚያ ድንኳኖች ላይ ሲውለበለብ ኖሮ፣ ናስካር በጁን 2020 ከልክሎታል። ክልከላውን አጥብቆ የጠየቀው በአላባማ ሞቢል የተወለደው ነጂ ባባ ዋላስ ነበር። በኦክቶበር 2021 የታላዴጋ ውድድር እሑድ በዝናም ምክንያት ሳይደረግ ውሎ ወደ ሰኞ ተላለፈ፤ ብዙ ሰው ወደ ሥራው ሲመለስ፣ የቻለ በድንኳኑ ቆየ። ሰኞ ኦክቶበር 4 ቀን ከ188 ዙር 117ኛው ላይ እንደ ተደረሰ ዝናሙ ተመልሶ ውድድሩን ቢያስቆምም፣ በዚያች ሰዓት ፊተኛ የነበረው፣ ማይክል ጆርዳን ከባለቤቶቿ አንዱ የሆነላትን 23 ቍጥር መኪና የሚነዳው ዋላስ ነበር። ከስኮት ቀጥሎ በናስካር ከፍተኛ የውድድር ደረጃ ያሸነፈ ሁለተኛው ጥቁር ነጂ እርሱ ነው፤ በዚህ ጊዜ ግን የቀረው ሕዝብ በዐይኑ አየው።

በአትላንታና በአካባቢዋ የምትኖሩ ወገኖቼ ሆይ፣ በአውራ ጎዳና 20 ወደ ምዕራብ ሁለት ሰዓት ሳትነዱ ታላዴጋ ትደርሳላችሁ፤ ውድድሩም በፀደይና በመጸው ይደረጋል። ልጆቻችሁን አስከትላችሁ፣ ድንኳንና ጥሩ የጆሮ መሸፈኛ ይዛችሁ ሂዱ፤ እሑድ ቢዘንብም ሰኞን ሳታዩ ድንኳናችሁን አትንቀሉ።