ተቀባይ

ገንዘብ ተቀባይ፣ እንግዳ ተቀባይ እንላለን። በሥነ ሕይወት ግን አንዱ የተቀባይ ዓይነት በሴል ሽፋን ላይ የተተከለ ፕሮቲን ነው። የውጩን መልእክት ይዞ አይቀርም፤ በሴሉ ውስጥ ላሉት፣ ጂ ፕሮቲን ለሚባሉ መልእክት አድራሾች ያስተላልፋል፣ ያውም መርጦ። ለእኔ «ተቀብሎ አቀባይ» ቢባል ሥራውን ይበልጥ ይገልጸዋል።

ከአልዩ አምባ ወደ አንኮበር ዳገቱን የሚወጣ ሰው ልቡ በኃይል ይመታል። በደብረ ብርሃን ውርጭ ማለዳ የወጣ ሰው ጣቶቹ ይቀዘቅዛሉ። በሁለቱም ውስጥ አድሬናሊንና የቅርብ ዘመዱ ኖርአድሬናሊን አሉበት። ልብ ላይ ያለው ቤታ-1 ተቀባይ ጂ-ኤስ የተባለውን ፕሮቲን ይቀሰቅሳል፤ በሴሉ ውስጥ መልእክት የሚያደርሰው ሳይክሊክ ኤኤምፒ ይበዛል፣ ልብ ይፈጥናል። የቆዳ ደም ሥር ላይ ያለው አልፋ-1 ግን ጂ-ኪውን ይመርጣል፤ በሴሉ ውስጥ ካልሲየም ይለቀቃል፣ ደም ሥሩ ይጠባል፣ የሰውነት ሙቀት በቆዳ በኩል እንዳያመልጥ ይረዳል። አልፋ-2 ደግሞ ጂ-አይን ያስነሳል፤ እሱ ሳይክሊክ ኤኤምፒን ይቀንሳል።

ምርጫው ከቅርጽ ይመጣል። ተቀባዩ ሽፋኑን ሰባት ጊዜ ያቋርጣል፤ መልእክቱ ከውጭ ሲያርፍበት የውስጠኛው ጎኑ ይከፈታል። የትኛው ጂ ፕሮቲን እንደሚገጥም በአብዛኛው የሚወስነው የክፍተቱ ቅርጽ ነው። ሮበርት ሌፍኮዊትዝና ብራያን ኮቢልካ በእነዚህ ተቀባዮች ጥናት የ2012 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን አግኝተዋል። ምርጫው ግን ፍጹም አይደለም፤ ሌላው የአድሬናሊን ተቀባይ ቤታ-2 ከጂ-ኤስ ሌላ ጂ-አይንም ሊቀሰቅስ ይችላል።

የአስም መንፊያው ሳልቡታሞል የሳንባ ቧንቧን የሚያሰፋው በዚሁ በቤታ-2 በኩል ነው። ለልብና ለደም ግፊት የሚታዘዘው ፕሮፕራኖሎል ደግሞ ይህንኑ ተቀባይ ይዘጋል። ስለዚህ አስም ያለባችሁ ሁሉ፣ የልብ ወይም የደም ግፊት መድኃኒት ሲታዘዝላችሁ አስማችሁን ለሐኪሙ አስቀድማችሁ ንገሩ።