አሥራታችን የት ገባ?

ቦቢ ፊሸርን ቼዝ የማይጫወት ሰው ሳይቀር ያውቀዋል። በ1972 (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) አይስላንድ ድረስ ሄዶ የሶቭየቱን ቦሪስ ስፓስኪን ረታና የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ብዙ ሰው የማያውቀው ከዚያ በኋላ ያደረገውን ነው። ካገኘው ሽልማት ላይ ከ60 ሺህ ዶላር በላይ ቆጥሮ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን አስረከበ። በ1977 ደግሞ ያንኑ ቤተ ክርስቲያን ጥለው የወጡ ወጣቶች ለሚያሳትሙት መጽሔት ቃሉን ሰጠ። መታለሉንም ተናገረ።

ዛሬ የምናወራው ግን ስለ ፊሸር አይደለም። ስለዚያ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ይልቁንም ከውስጡ ወጥተው «አሥራታችን የት ገባ?» ብለው ስለጠየቁት ሰዎች። ስሙ «ወርልድዋይድ ቸርች ኦፍ ጎድ» ይባል ነበር። በእኛ ቋንቋ «ዓለም አቀፍ የእግዚአብሔር ቤተ ክርስቲያን» ብንለው ያስኬዳል።

ማስታወቂያ ሠሪው ነቢይ

መሥራቹ ኸርበርት አርምስትሮንግ በ1892 አዮዋ ውስጥ ተወለደ። የመጀመሪያ ሙያው ማስታወቂያ ነበር። ይህን ልብ በሉልን፤ ኋላ ይጠቅመናል። በ1934 ኦሪገን ግዛት ውስጥ በምትገኘው ዩጂን ከተማ የሬዲዮ ስብከት ጀመረ። በዚያው ዓመት «ፕሌይን ትሩዝ» የተባለች መጽሔት ማሳተም ያዘ። በ1947 ካሊፎርኒያ ፓሳዴና ላይ አምባሳደር ኮሌጅን ሲከፍት የተመዘገቡት ተማሪዎች 4 ብቻ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ አደገ፤ በጣም አደገ። በ1980ዎቹ መጽሔቷ በሚሊዮኖች ቅጂ እየታተመች በመላው ዓለም በነጻ ትታደል ነበር።

ትምህርቱ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ጆሮ ሙሉ በሙሉ እንግዳ አይደለም። ቅዳሜ ይከበራል። የአሳማ ሥጋ አይበላም። የዳስ በዓልን የመሰሉ የብሉይ ኪዳን በዓላት ይከበራሉ። በአንጻሩ ገናና ልደት የአረማውያን ናቸው ተብለው ተከልክለዋል። ሐኪም ዘንድ መሄድ የእምነት ማነስ ተደርጎ ይታይ ነበር። ፈትቶ ያገባ ሰው ደግሞ እስከ 1974 ድረስ ሁለተኛ ትዳሩን እንዲያፈርስ ይታዘዝ ነበር፤ ልጆች ቢኖሩትም እንኳ። የተለየ ሐሳብ የያዘ አባል ይወገዛል። የተወገዘን ሰው ወዳጆቹም ዘመዶቹም እንዳያነጋግሩት ይነገራቸዋል።

ሦስት አሥራት

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ሬዲዮኑ ከአድማጭ ገንዘብ አይጠይቅም። መጽሔቱ በነጻ ነው። ኮሌጁ የሚልካቸው ቡክሌቶችም በነጻ ናቸው። መቼም ነጻ ነገር የማይወድ የለም! የማስታወቂያ ሰው ጥበብ የገባው እዚህ ላይ ነው። ሒሳቡ የሚመጣው ሰውየው አባል ከሆነ በኋላ ነው።

አባል የሆነ ሰው ከጠቅላላ ገቢው፣ ግብር ከመቆረጡ በፊት፣ 10 በመቶ ለቤተ ክርስቲያኑ ይልካል። ይህ አንደኛው አሥራት ነው። ሁለተኛ 10 በመቶ ደግሞ ቤተሰቡ ለበዓላት ጉዞ ያስቀምጣል። ከሰባት ዓመት ዑደት በሦስተኛውና በስድስተኛው ዓመት ሦስተኛ 10 በመቶ ይጨመራል፤ ይህኛው ለመበለቶችና ለሙት ልጆች ነው ተባለ። በዚያ ዓመት በወር 1,000 ዶላር የሚያገኝ የፋብሪካ ሠራተኛ 300ውን አስቀድሞ ለይቶ ያስቀምጣል ማለት ነው። ግብሩን የሚከፍለው፣ የቤት ኪራዩን የሚችለው፣ ልጆቹን የሚያበላው በቀሪው ነው። በዚህ ላይ የበዓላት መባ አለ፤ የሕንጻ መዋጮ አለ፤ «ሥራው አደጋ ላይ ነው» የሚሉ አስቸኳይ ደብዳቤዎችም ከፓሳዴና ይጎርፋሉ።

ሰዉ ለምን ከፈለ? ጊዜው አልቋል ስለተባለ ነው። አርምስትሮንግ በ1956 «1975 በትንቢት» የተሰኘች ቡክሌት አሳትሞ ነበር። አባላቱ በ1972 ወደ ፔትራ፣ ዮርዳኖስ በረሃ ውስጥ ወዳለችው የድንጋይ ከተማ፣ ሸሽተው ከመከራው እንደሚያመልጡ ይጠብቁ ነበር። ዓለም በሦስት ዓመት ውስጥ የሚያልቅ ከሆነ ባንክ ያለ ገንዘብ ምን ይሠራል? የልጅ ኮሌጅስ? የጡረታ ቁጠባስ?

1972 መጣ፤ ሄደ። 1975ም መጣ፤ ሄደ። የቤተ ክርስቲያኑ መሪዎች «እኛ ቀን ቆርጠን አናውቅም» አሉ። ቡክሌቷ ግን በየሰው መደርደሪያ ላይ ነበረች። የቀድሞ አባላት ጥርጣሬ ከገንዘቡ በፊት የተጀመረው እዚህ ላይ ይመስለናል። ስለ ትንቢቱ እውነቱን ያልነገረን ሰው ስለ ሒሳቡ እውነቱን ይነግረናል?

ጄቱና አዳራሹ

በዚሁ ጊዜ አርምስትሮንግ በግል ጄት ዓለምን ይዞር ነበር። «ያለ ሹመት የዓለም ሰላም አምባሳደር» ተብሎ ከነገሥታትና ከጠቅላይ ሚኒስትሮች ጋር ፎቶ ይነሳል፤ ውድ የክሪስታል ስጦታም ያበረክታል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባም መጥቶ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተገናኝቷል። በ1974 ፓሳዴና ላይ ከ1,200 በላይ መቀመጫ ያለው አምባሳደር አዳራሽ ተመረቀ፤ በምረቃው የተጫወተው የቪየና ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ነበር። ፓቫሮቲም ሆሮዊትዝም እዚያ መድረክ ላይ ወጥተዋል። አሥራት ከፋዮቹ ግን ሙዚቃውን የሚሰሙት ከስንት አንዱ ነበሩ።

ከአርምስትሮንግ ጎን ስታንሊ ራደር ነበር። በ1950ዎቹ የገባው በሒሳብ ባለሙያነት ነው፤ ኋላም ጠበቃ ሆነ። አባል ሆኖ የተጠመቀው በ1975 ነው። እስከዚያ ድረስ ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የቤተ ክርስቲያኑን ሒሳብ ያውቅ የነበረው ሰው የቤተ ክርስቲያኑ አማኝ አልነበረም። ደመወዙ በዓመት ወደ 200 ሺህ ዶላር ይደርስ እንደነበር በዘመኑ ተዘግቧል። አሥራቱን ለመክፈል መኪናውን የሸጠ ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው ለእናንተ እንተወዋለን።

የወጡት ልጆች

በ1976 የአምባሳደር ኮሌጅ የቀድሞ ተማሪዎች «አምባሳደር ሪፖርት» የተባለ መጽሔት ማውጣት ጀመሩ። ፊሸር ቃሉን የሰጠው ለዚህ መጽሔት ነው። ዋና አዘጋጁ ጆን ትረቻክ በ1999 እስኪሞት ድረስ ሥራውን አላቋረጠም። ሃያ ሦስት ዓመት! እንደ እኛ ያሉ ወጣቶች ነበሩ፤ ገንዘብ አልነበራቸውም፤ ኃይላቸው የቆዩ ደብዳቤዎችን፣ የፍርድ ቤት ሰነዶችንና የአገልጋዮችን ምስክርነት ሰብስቦ ማስቀመጥ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ «መራሮች» ይላቸው ነበር። በእኛ አገር ብሂል «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እንደማለት ነው፤ ከወጣህ በኋላ የምትጠይቀው ስለቀረብህ ነው እንደማለት።

በ1978 አርምስትሮንግ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ዝነኛ የነበረውን የገዛ ልጁን ጋርነር ቴድን አባረረው። በጥር 1979 ደግሞ ስድስት የቀድሞ አባላት ባቀረቡት አቤቱታ መሠረት የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ክስ መሠረተ። ክሱ አርምስትሮንግና ራደር የቤተ ክርስቲያኑን ገንዘብ ለግል ጥቅማቸው አውለዋል የሚል ነበር። የዐቃቤ ሕጉ መከራከሪያ ቀላል ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ገንዘብ የሕዝብ አደራ ነው፤ አደራውን ደግሞ መንግሥት ይቆጣጠራል። ፍርድ ቤቱ ተከሳሾቹን ሳይሰማ ጡረታ የወጣ ዳኛ ንብረት ጠባቂ አድርጎ ሾመ። ጠባቂው ጥር 3 ቀን ፓሳዴና ግቢ ደረሰ።

ቀጥሎ የሆነውን አስቡት። በሺህ የሚቆጠሩ አባላት ልጆቻቸውን ይዘው የአስተዳደር ሕንጻውን ሞሉት። በሩን ቆልፈው እየዘመሩና እየጸለዩ ውስጥ ተቀመጡ። ገንዘባቸው ተወስዷል የተባለላቸው ሰዎች፣ ወሰደ የተባለውን ሰው ለመከላከል በሰውነታቸው በር ዘጉ! ሌሎች አብያተ ክርስቲያናትም፣ ትምህርቱን ጨርሰው የማይቀበሉት ሳይቀሩ፣ ከአርምስትሮንግ ጎን ቆሙ። «ዛሬ የእሱ በር ከተሰበረ ነገ የእኛ ነው» ብለው ፈርተዋል፤ ፍርሃቱም መሠረት የለሽ አልነበረም።

ራደር በዚያው ዓመት ሲቢኤስ ቴሌቪዥን ላይ ከማይክ ዋላስ ጋር ቀርቦ ነበር። ዋላስ አርምስትሮንግ ራሱ በራደር ላይ ያለውን ጥርጣሬ የሚያሳይ ማስረጃ ሲያወጣ ራደር ተቆጥቶ ቃለ መጠይቁን አቋረጠ።

ፍርዱስ? ፍርድ የለም። በ1980 የካሊፎርኒያ ሕግ አውጪ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ በሃይማኖት ድርጅቶች ሒሳብ ላይ ያለውን ሥልጣን የሚገድብ ሕግ አወጣ። ዐቃቤ ሕጉም ክሱን አነሳ። ልብ በሉ፤ ክሱ የተዘጋው መዝገቡ ተመርምሮ ንጹሕ ሆኖ ስለተገኘ አይደለም፤ ወይም ስርቆት ስለተረጋገጠ አይደለም። መርማሪው ሥልጣኑን ስላጣ ነው። ስለዚህ ዛሬም ቢሆን «ሰርቀዋል» ማለት አንችልም። «አልሰረቁም» ማለትም አንችልም። ጥያቄው ሳይመለስ ተቀብሯል።

ያልተጠበቀው ማብቂያ

አርምስትሮንግ በ1986 በ93 ዓመቱ ሞተ። ተተኪው ጆሴፍ ትካች በታኅሣሥ 1994 አባላቱን ያስደነገጠ ስብከት አሰማ፤ ቅዳሜን ማክበርም ሆነ አሥራት መክፈል በክርስቲያን ላይ ግዴታ አይደለም አለ። ገቢው ወዲያው አሽቆለቆለ። በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ አባላት ወጥተው የአርምስትሮንግን ትምህርት የሚያስቀጥሉ ሌሎች ማኅበራት አቋቋሙ። ኮሌጁ በ1997 ተዘጋ። ዝነኛው አዳራሽ በ2004 ተሸጠ። የትካች ልጅ፣ እሱም በአባቱ እግር የተተካው፣ በ1996 በቤተ ክርስቲያኑ ስም ይቅርታ ጠየቀ። በ2009 ስሙም ተቀየረ።

ይቅርታው ትልቅ ነገር ነው፤ እንዲህ ያለ ድፍረት ያሳዩ የሃይማኖት ድርጅቶች ብዙ አይደሉም። ነገር ግን ይቅርታ ደረሰኝ አይደለም። ሦስት አሥርት ዓመት ሦስት አሥራት የከፈለች አሮጊት ግዴታው ስህተት ነበር ሲባል ሰማች። ሕንጻዎቹም ሲሸጡ አየች። የሷ ድርሻ የት እንደገባ ግን ማንም ቁጭ ብሎ አላስረዳትም።

ከዚህ ታሪክ እኛ የያዝነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ መንግሥት በር ሰብሮ ሲገባ ጠያቂው አሳዳጅ፣ ተጠያቂው ደግሞ ሰማዕት ይሆናል። ስድስቱ አቤት ባዮች የተሸነፉት ጥያቄያቸው ደካማ ስለነበር ብቻ አይመስለንም፤ የተመረጠው መንገድ ጥያቄውን ስለሸፈነው ጭምር ነው። ሁለተኛ፣ የጠያቂውን መራራነት መመርመር ጥያቄውን መመለስ አይደለም። የተባረረ ሰው ሊናደድ ይችላል፤ የተናደደ ሰው ግን ደረሰኝ መጠየቅ ይችላል። ሒሳቡ ንጹሕ ከሆነ መዝገቡን መግለጥ ከማንም በላይ የሚጠቅመው ንጹሑን መሪ ነው።

ስለዚህ በመባው ሳጥን ውስጥ ገንዘብ የምንጨምር ሁሉ፣ የትኛውም ቤተ እምነት ውስጥ ብንሆን፣ ሳንወጣ፣ ሳንባረርና ሳንመረር፣ ገና ውስጥ ሳለን፣ በትሕትና እንጠይቅ። ስንት ገባ? ስንት ወጣ? ማን ቆጠረው? መልሱ የተከበረበት ቤት ጥያቄውን አይፈራም።